ከወፍጮው የማይወጣው ወርቅ

የወርቅ ድንጋይ የሚፈጨው ትልቁ የብረት ኳስ ወፍጮ በየጥቂት ወሩ መቆሙ አይቀርም። ውስጡን የሸፈኑት ወፍራም የብረት ልባጦች በድንጋዩና በኳሶቹ ግጭት እየሳሱ ስለሚሄዱ በአዲስ ይተካሉ። ሠራተኞች ወደ ውስጥ ገብተው ብሎኖቹን ፈትተው አሮጌውን ልባጥ ሲነቅሉት ከጀርባው፣ በየመጋጠሚያውም ስንጥቅ ውስጥ፣ ተጠቅጥቆ የደረቀ ጥቁር ዝቃጭ ያገኛሉ። ዝቃጩ አይጣልም። ጥበቃ እየተመለከተ በብረት መፋቂያ ይፋቃል፣ በብሩሽ ይጠረጋል፣ ቁልፍ ባለው ዕቃ ይሰበሰባል። በውሃ ሲታጠብ ከሥሩ ቢጫ ብልጭ ይላል።

ነባር የማዕድን ሠራተኞች ይህን ሲያውቁት ኖረዋል። ያልተመለሰላቸው ሌላ ነገር ነበር። ድንጋዩ ወደ ወፍጮው ገብቶ፣ ደቅቆ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ መንገዱን ሲቀጥል ወርቁ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል? ስንጥቅ ውስጥ ተወሽቆ የተገኘው ይህን ያህል ከሆነ፣ ስንጥቅ ሳያገኝ ከወፍጮው እየወጣ ተመልሶ የሚገባውስ ስንት ይሆናል? ጥያቄው ቁጥር ያለው መልስ ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ ድረስ በካናዳ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአገሪቱ ምዕራብ የነበረ አንድ ማሽን ሠሪና በምሥራቅ የነበረ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ለየራሳቸው ችግር መፍትሔ ሲፈልጉ፣ የአንዱ ሥራ ለሌላው መሣሪያ ሆነ።

በአዶላ ወንዞች ዳር በገበቴ ወርቅ የሚያጥብ ሰው የጉዳዩን ግማሽ ያውቀዋል። ገበቴውን ውሃ ውስጥ ክብ ክብ እያዞረ ሲያወዛውዘው አሸዋው በጠርዙ ይፈስሳል፣ ወርቁ ከሥር ይቀራል። ንጹሕ ወርቅ ከውሃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል፤ የአሸዋው ዋና አካል የሆነው ኳርትዝ ግን 2.65 እጥፍ ብቻ ነው። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ሲገቡ የውሃው ድርሻ ስለሚቀነስባቸው ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ 18.3 ለ1.65፣ ማለትም ከ11 እጥፍ በላይ ይሆናል። በሙያው ይህ ቁጥር ከ2.5 ካለፈ መለየቱ አያስቸግርም ይባላል። በስሌት ደረጃ እንግዲህ ወርቅን በክብደቱ ከመያዝ የቀለለ ሥራ አይገኝም።

ፋብሪካዎቹ ግን ከክብደት እየራቁ ነው የሄዱት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋዩ በብረት ዘነዘና እየተወቀጠ ሜርኩሪ በተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ይፈስስ ነበር፤ ሜርኩሪው ወርቁን ይዞ ያስቀራል። በ1887 ግላስጎው ውስጥ ጆን ስቱዋርት ማክአርተርና የፎረስት ወንድማማቾች ወርቅን በሳያናይድ የማሟሟቱን ዘዴ በፓተንት አስመዘገቡ። ዘዴው ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጆሃንስበርግ ደረሰና የደቡብ አፍሪካን ወርቅ ኢንዱስትሪ ከመሠረቱ ለወጠው። በ1973 ደግሞ በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ የነበረው የሆምስቴክ ማዕድን የሟሟውን ወርቅ በከሰል የመምጠጥን ዘዴ በትልቅ ፋብሪካ ደረጃ ሥራ ላይ አዋለ። ሁሉን አድቅቆ ለሳያናይድ መስጠት እንዲህ ቀላልና ርካሽ ሲሆን፣ በክብደት መለየት የድሮ ሰዎች ሥራ መስሎ ታየ።

ሳያናይድ ግን ትልልቁን ቅንጣት አይቸኩልለትም። የወርቅ ገጽ የሚሟሟበት ከፍተኛ ፍጥነት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር በሰዓት 3.25 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከሁለቱም ወገን እየተበላ ሲሄድ ውፍረቱ 44 ማይክሮን የሆነ ቅንጣት ሟሙቶ ለማለቅ 13 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ውፍረቱ 150 ማይክሮን የሚጠጋው ግን 44 ሰዓት ይጠይቃል፤ ያውም ኦክስጅኑም ሳያናይዱም ሳይጓደል፣ የወርቁ ገጽ ንጹሕ ሆኖ ሳለ። ማሟሟቱ በሚካሄድባቸው ጋኖች ውስጥ የዱቄቱና የውሃው ድብልቅ የሚቆየው ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ወይም ከዚያ ትንሽ ያለፈ ነው። ትልቁ ቅንጣት እንግዲህ ከጋኑ ሥር ተኝቶ ይቀራል፤ አለዚያም ሳያልቅ ከተረፈ ማዕድኑ ጋር ወደ ማጠራቀሚያው ግድብ ይፈስሳል። መዳብና ወርቅ አብሮ የሚያመርተው ፋብሪካም ከዚህ ችግር አልተረፈም። እዚያ ማዕድኑን የሚያነሳው የአየር አረፋ ነውና፣ ከባዱን የወርቅ ቅንጣት ተሸክሞ መውጣት ያቅተዋል።

ስለዚህ አንዳንድ ፋብሪካዎች ከወፍጮው አጠገብ ጂግ ማቆማቸውን አልተዉም ነበር። ጂግ ውሃውን ከታች ወደ ላይ እያስተነፈሰ ከባዱን የሚያሰምጥ ሣጥን ነው። ከሥሩ የተሰበሰበው ወደ ተንቀጥቃጭ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ በጠረጴዛው ላይ ወርቁ ቀጭን ቢጫ መስመር ሠርቶ ለብቻው ይወርዳል። ወሩ ሲያልቅ የተገኘው አውንስ ይመዘናል። ያ ቁጥር ብዙ ይሁን ትንሽ ማንም አያውቅም ነበር፤ ምክንያቱም መያዝ የነበረበት ስንት እንደሆነ የሚናገር መለኪያ አልነበረም። እኔ የዚህ ሙያ ትልቁ ችግር የማሽን እጦት ሳይሆን ይህ ነበር ብዬ ነው የማምነው።

ማሽን ሠሪው ባይረን ኔልሰን ይባላል፤ ሥራውን የሠራው በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነው። የዘመኑን መንፈስ ማስታወስ ይጠቅማል። ለአሥርተ ዓመታት በ35 ዶላር ተቸንክሮ የኖረው የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ ከ1971 በኋላ ተለቀቀና በጥር 1980 እስከ 850 ዶላር ወጣ። በወንዝ አሸዋ ውስጥ እንደ ዱቄት የደቀቀውን ወርቅ፣ ከማጠቢያ ሣጥኑም ከገበቴውም ያመለጠውን፣ መያዝ ድንገት አዋጭ ሆነ። ደቃቁ ወርቅ የሚያመልጠው ክብደቱ አንሶ ውሃው ስለሚወስደው ነው። ከባድ እንዲሆን ማድረግ የሚቻለው በማሽከርከር ነው። በፍጥነት በሚሽከረከር ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ እያንዳንዱ ቅንጣት ወደ ግድግዳው የሚገፋው ከተለመደው ክብደቱ 60 እጥፍ በሆነ ኃይል ነው።

ይህ ሐሳብ ከኔልሰን በፊትም ነበር፤ ያሰናከለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አሸዋው በዚያ ኃይል ግድግዳው ላይ ሲጠቀጠቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። መጀመሪያ የመጡት ቅንጣቶች ቦታውን ይይዙታል፤ በኋላ የሚመጣው ወርቅ የሚገባበት ክፍተት ስለሌለ ላይ ላዩን ተንሸራትቶ ይወጣል። ኔልሰን የሾጣጣውን ዕቃ ውስጠኛ ግድግዳ በክብ ክብ ቀለበቶች ከፋፈለው፤ በቀለበቶቹ መካከል ባሉት ቦዮችም ላይ በርካታ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በሳ። ከጀርባ በግፊት የሚመጣ ንጹሕ ውሃ በቀዳዳዎቹ እየገባ በቦዮቹ ውስጥ ያለውን አሸዋ ያላላዋል። አሸዋው ከላላ ቀላሉ ይነሳና በውሃው ተጠርጎ ይወጣል፤ ከባዱ ወርቅ ግን ውሃውን ተቋቁሞ በመካከሉ ሰርጎ ይገባል። የማሽኑ ምስጢር ከማሽከርከሩ ይልቅ በዚህ ውሃ ላይ ነው። ውሃው ሲያንስ አሸዋው ይጠነክራል፣ ሲበዛ ደቃቁን ወርቅ ያስወጣዋል።

ማሽኑ የተሠራው ለወንዝ ወርቅ ነበር። በ1980ዎቹ ግን ድንጋይ ወደሚፈጩ ፋብሪካዎች መግባት ጀመረ፤ እዚያም አንድሬ ላፕላንት አገኘው።

ላፕላንት በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ማጣራት መምህር ነበር። በወፍጮና የተፈጨውን በሚለየው ሳይክሎን መካከል ወርቅ የሚያደርገውን ጉዞ የሙሉ ዕድሜ ሥራው አደረገው። እሱና ተማሪዎቹ በሰሜን ኬቤክ ሺቡጋማው፣ በኦንታሪዮ ሄምሎ፣ በሌሎችም ፋብሪካዎች ናሙና ከየመስመሩ እየቀዱ ቤተ ሙከራ ያስገቡ ነበር። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ወርቅ ግን ለናሙና አይመችም። በአንድ ጠርሙስ ጭቃ ውስጥ አንድ ትልቅ ቅንጣት ከገባ ውጤቱ ሰማይ ይወጣል፤ ካልገባ ወርቅ የለም ያሰኛል። በዚህ ምክንያት ናሙናው በአሥር ኪሎዎች የሚቆጠር መሆን ነበረበት፤ ያን ሁሉ ጭቃ ደግሞ በተለመደው ምርመራ ማቅለጥ አይቻልም። ላፕላንት ያደረገው ትንሿን፣ ወርዷ 7.5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነችውን፣ የቤተ ሙከራ የኔልሰን ማሽን መለኪያ ማድረግ ነበር። ትልቁን ናሙና በማሽኗ ያሳልፈዋል፤ በመቶ ግራም ገደማ ውስጥ የተሰበሰበውን ከባድ ክፍል በመጠን በመጠን ነፍቶ እስከ መጨረሻው ይመረምራል።

በዚህ መንገድ የተገኘው የመጀመሪያው ነገር ስለ ወፍጮው ነው። ኳርትዝ በብረት ኳስ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ይከፋፈላል። ወርቅ ግን ለስላሳ ብረት ነው፤ ሲመታ ይዘረጋል። በማጉያ መነጽር የታዩት ቅንጣቶች ጠፍጣፋ፣ ጠርዛቸው የታጠፈ፣ አንዳንዶቹም ተጠቅልለው የኳርትዝ ስብርባሪ በገላቸው የተቀበረባቸው ነበሩ። አብሮት ያለው ድንጋይ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ሲደቅቅ ወርቁ ከወፍጮው በትልቅነቱ ይወጣል።

ሁለተኛው ግኝት ግን ነገሩን ሁሉ ገለጠው። ከወፍጮው የወጣው የዱቄትና የውሃ ድብልቅ በፓምፕ ወደ ሳይክሎን ይገፋል። ሳይክሎን ድብልቁን ውስጡ በኃይል የሚያዞር ቀፎ ነው። የደቀቀው በላይ ወጥቶ ወደ ሳያናይድ ጋን ይሄዳል፤ ያልደቀቀው በታች ወርዶ እንደገና እንዲፈጭ ወደ ወፍጮው ይመለሳል። ፋብሪካው ሳይክሎንን እንደ ወንፊት ነው የሚያስበው። ወንፊት ግን የሚያየው መጠንን ብቻ ነው፤ ሳይክሎን ክብደትንም ያያል። ደቃቅ ቅንጣት በንጹሕ ውሃ ውስጥ የሚሰምጥበትን ፍጥነት ብናሰላ፣ 30 ማይክሮን የሆነ የወርቅ ቅንጣት 100 ማይክሮን ከሆነ የኳርትዝ ቅንጣት ጋር እኩል ይወርዳል። ስለዚህ ድንጋዩ ደቅቋል ተብሎ በላይ በሚሸኝበት መጠን፣ ወርቁ ገና ትልቅ ነው ተብሎ ወደ ታች ይባረራል። በየፋብሪካው ሲለካ፣ በክብደት ሊያዝ ከሚችለው ወርቅ 98 ወይም 99 በመቶው በእያንዳንዱ ዙር በሳይክሎኑ ታች ወርዶ ወደ ወፍጮው እንደሚመለስ ታየ።

በታችኛው ፍሳሽ ውስጥ ያለው የወርቅ መጠን ወደ ፋብሪካው ከገባው ድንጋይ ብዙ እጥፍ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የወርቅ ቅንጣት ከወፍጮ ወደ ሳይክሎን፣ ከሳይክሎን ወደ ወፍጮ አሥር ጊዜ፣ ሃምሳ ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ይመላለሳል። ከዙሩ የሚወጣው እየተቀጠቀጠ እጅግ ሲደቅቅ ነው፤ ያኔ በክብደት መያዙ ያበቃለታል። በዚህ ሁሉ ምልልስ ውስጥ ስንጥቅ ካገኘ እዚያው ይቀራል። ልባጥ በሚቀየርበት ቀን የሚፋቀው ዝቃጭ ምንጩ ታወቀ።

ከዚህ የሚወለደው ስሌት፣ እንደ እኔ ከታሪኩ ሁሉ ውበት ያለው ክፍል ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ እናስላው። 100 የወርቅ ቅንጣቶች በዙሩ ውስጥ አሉ እንበል። በአንድ ዙር 1 ቅንጣት በሳይክሎኑ ላይ ያመልጣል፤ 2 ቅንጣቶች ደግሞ ከሚገባው በላይ ደቅቀው በክብደት ሊያዙ የማይችሉ ይሆናሉ። ከታችኛው ፍሳሽ 10 በመቶውን ብቻ ወስደን በኔልሰን ማሽን ብናሳልፍ፣ ማሽኑም ከሚያየው ግማሹን ብቻ ቢይዝ፣ በዙር 5 ቅንጣቶች እንይዛለን። ከዙሩ ከሚወጡት 8 ውስጥ 5ቱ የእኛ ናቸው፤ ይህም 62 በመቶ ያህል ነው። ከፍሳሹ አንድ አሥረኛ ብቻ የሚያይ፣ ካየውም ግማሹ የሚያመልጠው ማሽን ይህን ያህል ይይዛል፤ ያመለጠው ቅንጣት ደጋግሞ ተመልሶ ይመጣለታልና።

አሁን ማሽኑን እጥፍ እናድርገው፤ ከፍሳሹ 20 በመቶ ይይ። 10 ከ13፣ ማለትም 77 በመቶ። ድርሻውን ወደ 5 በመቶ ብንቀንሰው ደግሞ 2.5 ከ5.5፣ 45 በመቶ ይሆናል። ከ5 ወደ 20 በመቶ ሲወጣ የማሽኑ ድርሻ በአራት እጥፍ ያድጋል፤ ምርቱ ግን በእጥፍ እንኳ አያድግም። ሁለተኛ ማሽን ገዝተው ወርቃቸው ያልተደረበላቸው ፋብሪካዎች ምን እንደገጠማቸው ይህ ስሌት ይነግረናል። ምንም ማሽን የሌለው ፋብሪካ በአንዲት ትንሽ ማሽን ብዙ የሚያተርፍበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ላፕላንት ግን በዚህ አላቆመም። ድንጋዩ ራሱ ስንት ሊሰጥ ይችላል የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ለእሱ ያዘጋጀው ፈተና ዛሬም በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይሠራበታል። ናሙናው መጀመሪያ ሁሉም ከ850 ማይክሮን በታች እስኪሆን ይሰበርና በትንሿ የኔልሰን ማሽን ያልፋል። የተያዘው ወርቅ ይመዘናል። ያልተያዘው ግማሽ ያህሉ ከ75 ማይክሮን በታች እስኪሆን ይፈጫል፣ እንደገና ያልፋል። ለሦስተኛ ጊዜ 80 በመቶው ከ75 ማይክሮን በታች እስኪሆን ይደቅቅና ያልፋል። በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ መፍጨት የማይቻለው፣ መጀመሪያ ነጻ የወጣው ትልቅ ወርቅ እየተቀጠቀጠ እንዳይበላሽና ፈተናው ያልነበረ ድክመት እንዳያሳይ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ ድንጋዩ በክብደት ሊሰጥ የሚችለው ይታወቃል፤ ከየትኛው መጠን ጀምሮ ነጻ እንደሚወጣም አብሮ ይታያል። አንዱ ድንጋይ ከ80 በመቶ በላይ ይሰጣል፤ የሌላው ወርቅ ፒራይት በተባለው ማዕድን ውስጥ እንደ ጭስ ስለተበተነ 20 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ፋብሪካዎች ያወጡትን አውንስ የሚያነጻጽሩበት ነገር ያገኙት ያኔ ነው። ፈተናው 60 በመቶ ብሎ ፋብሪካው 25 በመቶ ከያዘ፣ የጎደለው 35 የት እንደገባ ይጠየቃል። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ተራ በሚመስሉ ቦታዎች ነው። ከማሽኑ በፊት ያለው ወንፊት ተቀዶ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ጠጠር ይገባል፤ ጠጠሩ በቦዮቹ ውስጥ የተያዘውን ይገፋዋል። የሚያላላው ውሃ ንጹሕ ሳይሆን ይቀርና ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ይደፈናሉ። ከኳሶቹ የተላጨ የብረት ስብርባሪ ቦዩን ይሞላዋል። ወይም ማሽኑ ሳይታጠብ ለረዥም ሰዓት ይሠራል፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ወርቅ አያርፍበትም። ለማጠብ መቆም የሚፈጀው ግን ደቂቃዎች ናቸው። ቀድሞ እያንዳንዱ እጥበት በእጅ ነበር፤ በ1990ዎቹ ማሽኑ የያዘውን በመሃል ቀዳዳ ራሱ የሚያራግፍበት ዓይነት ሲመጣ አዘውትሮ ማጠብ ከባድ መሆኑ ቀረ።

ከዚህ በኋላ መፍትሔ ያገኘው የወርቅ ማምለጫ ተንቀጥቃጩ ጠረጴዛ ነበር። ማሽኑ ለፍቶ ከያዘው ደቃቅ ወርቅ ጠረጴዛው ከፊሉን ያፈስሰዋል፤ የፈሰሰውም ተመልሶ ወደ ወፍጮ ይገባል። አውስትራሊያ ውስጥ የባላራቱ ጌኮ ሲስተምስና የአካሺያ ሪአክተር ሠሪዎች ጠረጴዛውን ትተው፣ የተያዘውን ከባድ ዱቄት በዝግ ዕቃ ውስጥ በጠንካራ ሳያናይድና በኦክስጅን ማሟሟትን አመጡ። ለትልቁ ጋን የማይበቃው ጊዜ ለትንሿ ዕቃ በቂ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከያዘችው ወርቅ ከ95 በመቶ በላይ ታሟሟለች። የሰው እጅም ወርቁን አይነካውም፤ ለስርቆት በሚያጋልጠው በዚህ ክፍል ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ላፕላንት በ2006 አረፈ። የኔልሰን ኩባንያ በ2011 ኤፍኤልስሚት በተባለው የዴንማርክ ድርጅት ተገዛ። ዛሬ በአገራችን ኩርሙክና ቱሉ ካፒን በመሳሰሉ ቦታዎች ከድንጋይ ወርቅ ለማውጣት ለሚሠሩ ባለሙያዎች የሦስት ደረጃው ፈተና የመጀመሪያ ሳምንታት ሥራ ሊሆን ይገባል እላለሁ። የማሽኑ ቁጥርና መጠን፣ ከታችኛው ፍሳሽ የሚቀዳው ድርሻ፣ የሳያናይዱ ጋን ብዛት ሁሉ ከዚያ ቁጥር ይነሳልና። ቁፋሮው ወደ ሌላ የድንጋይ ሥር ሲዞር ደግሞ ወርቁ በመጠኑም በአቀማመጡም ስለሚለወጥ ናሙናው እንደገና ይቀዳል፤ ፈተናውም ከ850 ማይክሮን ይጀመራል።